ቲቸር ሙክታር አልቀመጥም ያለበት ዓመት

«ኅብረተሰቡ አንድ ታላቅ ሰው አጣ» ይላል መልእክቱ። ሐሙስ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ የቲቸር ሙክታር ፎቶ አለ፤ ክራንቹ እንዳይታይ ከደረቱ በላይ ቆርጠውታል። ከፎቶው በታች ሃያ ምናምን ሰው የሚያለቅስ ፊት ደርድሯል። አብዛኞቹ በሕይወት ሳለ ስልኩን ያላነሱለት ናቸው። እኔም አንዷ ነኝ፤ የኔ እንዲያውም ከሁሉም የባሰ ነው፤ ለምን እንደባሰ እነግራችኋለሁ።

ይህን መልእክት እሱ ቢያየው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከሸሚዝ ኪሱ ቀይ እስክሪብቶውን ያወጣል፣ «ኅብረተሰቡ» የምትለዋን ቃል ይከባታል፣ ከጎኗ «የቤት ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱን ይመልስላችኋል። ማርክ አይሰጣችሁም።

ዘጠነኛ ክፍል የሥነ ዜጋ አስተማሪዬ ነበር። መጋላ ተወልዶ መጋላ ያደገ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናደድ ድምፁ ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ሰው። አንዱን ወሬ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አጋምሶ በሶማልኛ ይጨርሰዋል፤ ያልገባው ልጅ ግን አልነበረም። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ከወንዙ ወዲህ፣ ከዚራ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውምና እሱንም «አንተ» ነበር የምንለው። «ቲቸር» ሳይል ስሙን የሚጠራ ሰው ግን አላውቅም፤ ሚስቱ አዴ ረውዳ እንኳ «ቲቸር ምሳ ቀርቧል» ነበር የምትለው።

ሐሙስ ሐሙስ ግማሽ ገጽ ያጽፈን ነበር። ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ ያየሁት፣ ያሰብኩት፣ ያደረግኩት። ሁለቱን ሁሉም ሰው ይሞላል፤ ሦስተኛው ባዶ ይቀራል። እሱ ደግሞ ወረቀት ሲቀበል ከታች ወደ ላይ ነበር የሚያነበው። ሦስተኛው መስመር ባዶ ከሆነ የቀረውን ሳያይ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በዚህ ጠባዩ ስንት ልጅ እንዳስለቀሰ! እኔን ጨምሮ። እኔ ጽሑፍ እችላለሁ የምል ነበርኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ስለ ከተማችን ጽዳት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ «መንግሥትና ኅብረተሰቡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሠሩ ይገባል» ብዬ ደመደምኩ። እንዲያ ብሎ መጨረስን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነው የተማርነው።

ወደ ጠረጴዛው ጠራኝ።

«ሰናይት፣ ይሄ ኅብረተሰብ የምትይው ሰውዬ ማነው?»

«እኛ ነና፣ ቲቸር።»

«እኛ ማን?»

«ሁላችንም።»

«ወላሂ፣ ሁላችንም የሚባል ሰው መጋላም አላየሁ፣ ከዚራም አላየሁ። አቦ ስሙን ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ ሄጄ ላናግረው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወረቀቴን ስቀበለው ሁለቱ ገጽ ላይ ሰባት ቦታ በቀይ «ማን?» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ያችን ቃል እስክጠላት ድረስ ሰማኋት። ስብሰባ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንድ ሰው «እንዲህ ቢደረግ ጥሩ ነበር» ካለ ቲቸር ሙክታር ከጥግ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማን?» ይላል። ሰው ይሸሸው ነበር፤ እውነቱን ልናገር። አሁን በየንግግሩ «ሁሉም የሚወደው» ሲሉ የምናደደው ለዚህ ነው። ሁሉም አይወደውም ነበር። ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰው አንድ ሥራ ሳይዝ አይነሳማ።

አንድ ሳምንት ደግሞ ከእምነታችሁ ውጭ የሆነ አንድ ጎረቤት ጠይቃችሁ ኑ አለን፤ ጥያቄው «ጎርፍ ለምን ይመጣል?» የሚል ነው። የማያመጣ ልጅ አልነበረም። አንዱ የፈጣሪ ቁጣ ነው አለ፤ አንዷ ተራራው ላይ ዛፍ ስለተቆረጠ ነው፤ ሌላው ወንዙ መንገዱን ስለሚያውቅ ነው፤ አንድ ልጅ ያነጋገረው ሽማግሌ ሀብታሞች ወንዙ ዳር ስለሠሩ ነው ብሎታል። ቲቸር ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ጻፋቸው። እርስ በርስ ልንጣላ ምንም አልቀረንም፤ የኔ ልክ ነው፣ ያንተ ስህተት ነው። እሱ ሲሰማ ቆይቶ፣ «ሁሉም ልክ ይሁን» አለ። «አሁን ጎርፉ መጣ። አንቺ አሸዋው መሃል ነሽ። ከነዚህ ሁሉ የትኛው ነው እጅሽን ይዞ የሚያወጣሽ?»

የኛ ወንዝ ለማያውቀው፣ ወንዝ አይደለም። ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ነጋዴ ሰልባጅና ሽንኩርት ዘርግቶ ይሸጥበታል። ከተማው ላይ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ከላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ግን ውሃው ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ድንገት ይመጣል። ይህን ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ማወቁም ነበር የቲቸርን ደም የሚያፈላው፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም እንሻገራለን።

ነገሩን የጀመረችው ሆዳን ናት። ሆዳን ለመማር ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ፣ አክስቷ ቤት የመጣች ልጅ ነበረች፤ አማርኛዋ ገና ስላልጠና ክፍል ውስጥ አትናገርም። ያን ሳምንት የጻፈችውን ቲቸር ጮክ ብሎ አነበበልን፤ እስከዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«ያየሁት፦ ልጆች ወንዝ ሲሻገሩ ተራራ አያዩም። ያሰብኩት፦ በአባቴ ሰፈር ደመና ያየ ሰው ይጮኻል። የሰማ ለሚቀጥለው ይጮኻል። አይቶ ዝም ያለ ሰው ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር አይቀመጥም፤ ቆሞ ደመና ይጠብቃል። ያደረግኩት፦ ዛሬ ጠዋት ለሁለት ልጆች ነገርኩ። ሳቁብኝ።»

ቲቸር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በኋላም አልመለሰላትም።

በዚያው ቅዳሜ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወንዙ ወደሚነሳበት ተራራ ሥር ወጣ፤ ስልክ ያለው አንድ ገበሬ አግኝቶ ተመለሰ። እኛ «ጩኸት» ያልነው ነገር በዚህ ተጀመረ። አምስት ሰው ነው። ገበሬው ከባድ ዝናብ ሲያይ ለሆዳን ሦስት ጊዜ ሚስኮል ያደርጋል። ሆዳን ለቲቸር ሦስት ጊዜ። ቲቸር ለአራተኛው፣ አራተኛው ለዓሊ። ዓሊ ባጃጁን ወንዙ አፋፍ ላይ የሚያቆም ሾፌር ነው፤ ሦስት ሚስኮል ከገባለት ክላክስ እየነፋ ወደ አሸዋው ይወርዳል፣ ሰው እየጮኸ ይወጣል። የተደወለለት ሰው «ሰማሁ» ለማለት አንድ ጊዜ ይመልሳል። ሚስኮል የሆነው ሆን ተብሎ ነው። «ካርድ የለኝም የሚል ሰበብ በዚህ ሞተ» ይል ነበር ቲቸር።

መጀመሪያ አራተኛው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ተመልሼ፣ ስሙን ከማልጠራው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር፣ ዘበኛው ጡረታ ወጡ። ቲቸር ቢሮዬ ድረስ መጣ፤ መስኮቴ ላይ ቆሞ ወንዙን አየው። «መስኮትሽ ጥሩ ነው» አለኝ፤ በዚህ አራተኛ ሆንኩ።

«ቲቸር፣ ለምን አንተ ቀጥታ ለዓሊ አትደውልለትም? ለምን ሁላችንም የሁላችንንም ቁጥር አንይዝም?» ብዬው ነበር።

«አንድ ሥራ ለሁለት ሰው የሰጠሁ ቀን ለማንም አልሰጠሁም» አለኝ። «አንቺ ካልደወልሽ ሌላ የሚደውል እንደሌለ እወቂው። ያኔ አትረሺውም።»

የዓሊን ቁጥር ስልኩ ላይ መዝግቦ አያውቅም። ደጋግሜ ለምኜዋለሁ፤ እንቢ። ይህን ያህል በሰው ማመን ጥጋብ ነው እላለሁ ዛሬ። እንደሱ ያለ ሰው ሲሳሳትም እንደ ተራ ሰው አይሳሳትም፤ ሕይወቱን ሙሉ ደክሞ በሠራው ነገር ላይ ነው የሚሳሳተው። ያኔ ግን በኩራት አብጬ ነበር። ከአምስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ! ጩኸቱ ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚያውቅ የለም። ያልደረሰ ጉዳት ሪፖርት አይጻፍለትም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው አዳራሻችን ውስጥ ስብሰባ ነበር። ርእሱን ስትሰሙ አትሳቁ፦ የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ። ፕሮጀክተሩ እንዲታይ የመስኮቱ መጋረጃ ተዘግቷል። ጽሑፉን የማቀርበው እኔ ነኝ። ገና ቋሚ ሠራተኛ አልሆንኩም፤ ሓላፊዬ ጠዋት «ዛሬ ጎልተሽ የምትታይበት ቀን ነው» ብሎኛል። ልጀምር ስል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ቲቸር ሙክታር። ቆመ። እንደገና። ቆመ። እንደገና። ሓላፊዬ አየኝ፣ ከእንግዶቹ አንዷ አየችኝ። ስልኩን ገለበጥኩት።

ለራሴ ያልኩትን ልንገራችሁ፤ «ደግሞ ለአንድ ነገር ሊያዘኝ ይሆናል» አልኩ። ውሸቴን ነው። ሦስት ሦስት ነው። ሦስት መሆኑን ቆጥሬዋለሁ። ከዚያም ተገልብጦ እያለ እንደገና ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም «በመሆኑም ኅብረተሰቡ ሊነቃ ይገባል» የሚለውን እያነበብኩ ነበር። ሲያጨበጭቡልኝ ከውጭ ድምፅ ሰማን። አንድ ሰው መጋረጃውን ገለጠው።

በኋላ የሆነውን ከሰው ነው የሰማሁት። መልሴ ሲቀርበት ቲቸር ከትምህርት ቤቱ በእግሩ ሮጠ። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ስኳር ያለበት ሰው። የዓሊ ቁጥር የለውማ! አሸዋው ውስጥ ገብቶ እየጮኸ ሰውን አስወጣ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ከረጢቴን ትቼ አልሄድም አለች፤ እጇን ይዞ እየጎተተ አፋፉ ጋ ሲደርስ ግንድ እግሩን መታው። ሴትዮዋን ቀድመው አወጧት፤ እሱንም ዓሊ ጎትቶ አወጣው። ሰው አልሞተም። የቲቸር እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ ስልኩንም ውሃው ወሰደው።

መሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ አቋቁሞ ጉዳዩን እንዲያጣራ ተባለ፤ የጩኸቱን ሰዎች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰበሰብናቸው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። ገበሬው መደወሉን ተናገረ። ሆዳን፣ ያኔ ቀፊራ ገበያ ሱቅ ከፍታለች፣ ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን አሳየች። ዓሊ «ለኔ ሰናይት ናት የምትደውለው፤ አልደወለችም» አለና ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ሓላፊዬ ወደ ቲቸር ዞረ። ክራንቹን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ቲቸር፣ አንተስ ለሰናይት ደውለሃል?»

እድሜ ልኩን «ማን?» ሲል የኖረ ሰው ነው። ጠየቁት። ስሜን መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግድግዳውን እያየ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከኔ አላለፈም» አለ።

ሆዳን «ቲቸር?» አለች። አንደኛው የኮሚቴ አባል «ዕድሜ ነው፣ ሰው ሲደነግጥ ይረሳል» ብሎ አዘነለት። ሆዳን ተነስታ ወጣች። በአራት ዓመት ውስጥ ለቲቸር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተናገረችም፤ እኔ እውነቱን እያወቅሁ። ቃለ ጉባኤው ላይም በእጄ ጻፍኩ፦ «ባህላዊው አሠራር አስተማማኝ ሆኖ ባለመገኘቱ እንዲቀር፣ በምትኩ ዘመናዊ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ሊተከል ይገባል።» የብረት ምሰሶው ተተከለ። የሳይረኑ ጩኸት ግን አልመጣም። አሁን ምሰሶው ላይ የሞባይል ጥገና ማስታወቂያ ይለጠፍበታል።

እኔ ቋሚ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ነው ውስጤን የሚያቃጥለኝ። ቲቸር ማስተማር ተወ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ አረፍ በሚልበት ሰዓት፣ መጋላ ካለው ቤቱ በር ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። አይቀመጥም። ጎረቤቶቹ ምንጣፍ አንጥፈው ይጠሩታል፤ «አብሽሩ፣ ተጫወቱ» ይልና በክራንቹ ቆሞ ወደ ተራራው ያያል። ሰርግ ሲጠራ ቆሞ በልቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ሐኪም አዞት ነው አለ፣ አንዳንዱ ኩራት ነው አለ፣ ልጆቹ ደግሞ በሽታው ጭንቅላቱን ነካው ብለው ፈሩ። የስኳር ቁስል በቆመ እግር ላይ አይድንም። ይህን ሁሉም ነገሩት።

በሦስተኛው ወር አንድ ነገር አደረግሁ። የፕላስቲክ ወንበር፣ መደገፊያ ያለው ሰማያዊ ወንበር ገዝቼ በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ከባጃጁ ስወርድ አየኝ። ፊቱ በራ፤ እንዲያ ሲስቅ ከአደጋው ወዲህ አላየሁትም ነበር። ክራንቹን አነሳና በግድግዳው ዳር ዳር ወደ ግራ ፈቀቅ አለ፤ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀ። ወንበሩን እዚያ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት።

ወንበሩን አየው። እኔን አየኝ።

«ተቀመጥ እንጂ ቲቸር፣ ላንተ እኮ ነው ያመጣሁት።»

«ገና ነው» አለኝ።

«ሐኪም ነው እንዲህ ያለህ?»

«አዎ» አለ። «ሐኪም ነው።»

ጥቂት አወራን፤ ስለ ሙቀቱ። ከዚያ ሥራ አለኝ ብዬ ሄድኩ። ለራሴ ደህና ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ልቤ ቀለል ብሎት ዋለ።

እግሩን በሁለተኛው ዓመት ቆረጡት። ቁስሉ ወደ ላይ ወጣ። በአራተኛው ዓመት፣ በዚያ ሐሙስ፣ ኅብረተሰቡ ታላቅ ሰው አጣ።

በማግስቱ ሓላፊዬ ጠርቶኝ፣ «ለመታሰቢያው ፕሮግራም ንግግሩን አንቺ ጻፊው፤ ተማሪው ነበርሽ፣ ብዕርም አለሽ» አለኝ። «ትንሽ ስለ መጨረሻው ጊዜ አለስልሺው፤ በዕድሜ ምክንያት የሆነውን ስህተት አታንሺ።» ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ግን እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ለምዶብኛል።

መረጃ ልሰበስብ አዴ ረውዳ ጋ ሄድኩ። ሐዘን ላይ ናትና ከቤት አትወጣም። ሰማያዊው ወንበር ጓዳው በር ላይ አለ፤ የታጠበ ልብስ ተከምሮበታል።

«ተቀምጦበት ያውቃል?» አልኳት።

«እግሩን ከቆረጡት ወዲያ ነዋ። ዓመቱን ሳይጨርስማ ማን ያስቀምጠው!» አለች። «አንቺ ጻፊው ካሉሽማ ደብተሩን ውሰጂ። እኔ ማንበቡን አልችልበት፤ ሲጽፍ ግን አይ ነበር።»

እንደኛ ነበር የሚጽፈው። ሦስት መስመር። ሐሙስ ሐሙስ። ለካ እሱም የቤት ሥራ ነበረበት። አጣሪው ኮሚቴ የተሰበሰበበትን ሐሙስ ፈልጌ አገኘሁት፤ እንደ እሱ ከታች ጀምሬ አነበብኩት።

«ያደረግኩት፦ አይቼ ዝም አልኩ። እንደ ሆዳን አባት ሰፈር ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዓመት መቆም አለብኝ። ያሰብኩት፦ ስሟን ብጠራ ከሥራ ያስወጧታል። ባልጠራ ጩኸቱ ይሞታል። ልጅቱን መረጥኩ። ተሳስቼ ይሆናል። ያየሁት፦ ሰናይት እየጻፈች ነበር። ቀና አላለችም።»

የኔን ቅጣት ለኔ ብሎ የቆመ ቢሆን አልቅሼ በወጣልኝ። ለኔ አይደለም የቆመው። ለራሱ ነው። እኔን ያዳነበትን ዝምታ እንደ ወንጀል ቆጥሮ፣ በተሰበረ እግሩ፣ ራሱን ቀጣ። ማን ፈቀደለት? ማን ለመነው? ጠርቶ ሊሰድበኝ፣ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ይችል ነበር፤ እግሩም ይተርፍ ነበር፣ ጩኸቱም ይተርፍ ነበር። ደብተሩን ግድግዳው ላይ ልወረውረው ነበር። አዴ ረውዳ ስላየችኝ ገጹን ገለጥኩ።

ሦስት ወር ወደፊት። «ያየሁት፦ ሰናይት መጣች። ያሰብኩት፦ አልሐምዱሊላህ፣ ልትቆም ነው። ያደረግኩት፦ ቦታ ለቀቅሁላት። ወንበር አስቀምጣበት ሄደች።»

ሌላ ምንም አልጻፈም። አልወቀሰኝም። ለዚህም ነው ይቅር የማልለው።

የመታሰቢያው ቀን የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልቶ ነበር። ሓላፊዬ ከፊት፣ የኮሚቴ አባላቱ ከፊት። ሆዳን ከኋላ ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ልጇን ታቅፋ። ዓሊ አጥሩ ጋ ቆሟል። ስሜ ሲጠራ የጻፍኩትን ንግግር ይዤ ወጣሁ፤ የመጀመሪያው መስመር ኅብረተሰቡ በሚል ነበር የሚጀምረው። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ያን ቀን ቲቸር ሙክታር ደውሏል» አልኩ። «ሦስት ጊዜ። ከዚያ ደግሞ ሦስት ጊዜ። አልረሳም፣ አልደነገጠም። የደወለው ለኔ ነው። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ አየሁት፣ ስልኬን ገለበጥኩት። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እየዋሸሁ። እናንተም» አልኩ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞሬ፣ «ከሆዳን ስልክ ሌላ የኔንም ከፍታችሁ ማየት አቅቷችሁ ፈርማችኋል። አንተ። አንተም። አንቺም።»

ሌላም ብዙ አልኩ። ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም፤ ጉሮሮዬ ለሁለት ቀን ተዘግቶ ሰነበተ። ማንም አላጨበጨበም። ፕሮግራም መሪው «እሺ፣ እናመሰግናለን፣ ወደ ቦታሽ» አለ። ወደ ቦታዬ ስሄድ ሆዳን ከኋላ ተነስታ መጣች። ልጇን ለአጠገቧ ሴት ሰጥታለች። የምታቅፈኝ መሰለኝ። ወንበሬን በሁለት እጇ አንስታ፣ ከረድፉ አውጥታ፣ አጥሩ ጋ ወስዳ ገለበጠችው። ከዚያ ተመልሳ ሄዳ ተቀመጠች። እያለቀሰች ነበር፤ ለኔ አልነበረም።

ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ቆምኩ።

ሥራዬን ገና አልነጠቁኝም፤ ደብዳቤ እየተጻፈ ነው ይላሉ፤ ይጻፉት። ሆዳን እስካሁን አታናግረኝም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከማላውቀው ቁጥር ሦስት ሚስኮል ገባልኝ፤ ቀጥሎ «ሙከራ ነው። ሆዳን» የሚል መልእክት መጣ። አንድ ጊዜ መልሼ ደወልኩና ለዓሊ ሦስት ጊዜ አደረግሁ። ዓሊም አንድ መለሰ። አሁን አራት ነን፤ የቲቸርን ቦታ የያዘ የለም። እሱን ዘልለን ነው የምንደውለው።

ከሰዓት ከሰዓት መጋላ እሄዳለሁ። አዴ ረውዳ መጀመሪያ ቀን በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝና መለሰችው። የሱ የክራንች ጫፍ የቆፈረው ትንሽ ጉድጓድ ከግድግዳው ሥር አለ። ከጎኑ፣ በስተቀኝ፣ ያኔ የለቀቀልኝ ቦታ ላይ ቆሜ ተራራውን አያለሁ። ቦታው ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።